ለጋሼ ቁልፉ ብሽሽት የተላከው ካርቶን

መስከረም 12

ይድረስ ከሰው አገር ተቀምጠሽ ሰው ለምታክሚው ለወንድሜ ልጅ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ሥራው፣ ብርዱ፣ ያ አሳንሰር የሌለው ደረጃ እንዴት ይዞሻል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ደህና ያልሆነው የቀኝ ብሽሽቴ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳስል እንቁላል የምታህል ነገር ብቅ ትላለች፤ ስጋደም ተመልሳ ትገባለች። ለማንም ሳልናገር ከርሜ ነበር። በኋላ እትዬሽ ደረሰችበትና እጄን ይዛ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ሐኪሙ ገና ጢሙ ያልሞላ ልጅ ነው። ነካ ነካ አደረገኝና «ቡአ ነው አባባ፤ ቀላል ቀዶ ጥገና ነው፣ በማግስቱ ቤትዎ ይገባሉ» አለኝ።

ምን ምን ዕቃ ያስፈልጋል ብዬ ጠየቅሁት። ዕድሜውን ሙሉ የትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ሲመራ የኖረ ሰው ይህን ሳይጠይቅ ከወንበሩ አይነሳም። «ቢላዋ፣ መርፌ፣ ክር፣ ቀዳዳውን የምትደግፍ መዳፍ የምታህል መረብ። ሁሉም አለን» አለኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። ልጄ፣ ሱሪ ለማሳጠርም እኮ መርፌና ክር ይበቃል።

ጎረቤታችንን ጡረተኛውን ሹፌር ታውቂዋለሽ። የሐሞት ጠጠር ሲያወጣ በአፍንጫው ቱቦ፣ በጎኑ ቱቦ፣ በሽንቱ ቱቦ፣ ከራስጌው ደግሞ ጢጥ ጢጥ የሚል ማሽን ነበረው። ሊጠይቀው የሄደ ሁሉ አፉን ይዞ ነው የተመለሰው። እስከ ዛሬ ወሬው ያው ነው። እኔ ከእሱ በምን አንሼ ነው አንድ ቱቦ እንኳ የማይገባኝ?

አንቺ ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ነሽ። እዚያ የሚጣለው ዕቃ ለጉድ ነው ብለሽ የጻፍሽልኝ አንቺው ነሽ። ከዚያ ላይ ለእኔ የሚሆነኝን መርጠሽ ላኪልኝ። ዕቃው እስኪደርስ ቀጠሮዬን አራዝሜዋለሁ። ስለዚህ ጉዳይ ስልክ እንዳትደውዪ፤ የስልክ ወሬ ፊርማ የለውም።

ክፉ አይይሽ።
አጎትሽ

መስከረም 30

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ጋሼ፤

ፈጣሪ ለእርስዎ ጤናውን፣ ለእኔ ትዕግሥቱን ይስጠን። ደብዳቤዎን ደረጃው ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። «ቀጠሮዬን አራዝሜዋለሁ» የሚለው ጋ ስደርስ ግን ተቀመጥኩ።

ጋሼ፣ በሌላው ሁሉ ይቀልዱ፣ በዚህ ግን አይቀልዱ። ቡአ ጨዋ የሚሆነው እየወጣ እስከገባ ድረስ ነው። አንድ ቀን ወጥቶ አልመለስም ካለ አንጀት ይታነቃል፤ በሰዓታት ውስጥ ሰው ይገድላል። ዛሬ ቀላል የሆነው ሥራ ያን ቀን ከባድ ይሆናል። ሐኪሙ የነገረዎት ትክክል ነው፤ ጢሙን ይተዉለት። እኛም እዚህ ለዚህ ሥራ ከዚያ የበለጠ አያስፈልገንም።

ስለ ቱቦው ደግሞ፣ በራሱ መሽናት ለሚችል ሰው ቱቦ ማስገባት በር ከፍቶ ጀርምን ግባ እንደማለት ነው። ለሚያስፈልገው ሰው ነፍስ ያድናል፣ ለማያስፈልገው ሰው በሽታ ነው። ለጌጥ የሚደረግ ነገር አይደለም።

እኔ እዚህ የምጨቃጨቅበት ጉዳይ ምን እንደሆነ ቢያውቁ ይስቁብኝ ነበር። ከአንድ ቀላል ቀዶ ጥገና በኋላ ትልልቅ ጥቁር ላስቲኮች ሞልተው ይወጣሉ። ግማሹን ማንም አልነካውም። «ምናልባት ቢያስፈልግ» ተብሎ ማሸጊያው ይቀደዳል፤ አንዴ ከተቀደደ ደግሞ ከጀርም የጸዳ አይባልም፣ ተነካም አልተነካ ይጣላል። ማቃጠያው ከሆስፒታሉ ጀርባ ነው፣ ጭስ ማውጫው ከኩሽናዬ መስኮት ፊት ለፊት። በረንዳ ላይ ያሰጣሁት አንሶላ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል፤ የጎረቤቴም ልጅ ሳል አይለቀውም። ስለዚህ አዲስ ደንብ አወጣን፣ ሐኪሙ ሳይጠይቅ ምንም አይከፈት የሚል። አንዴ ተለብሶ የሚጣለውንም ጋውን ታጥቦ በሚለበስ ጨርቅ እየተካን ነው። አስፈጻሚዋ እኔ ነኝ። ተቃዋሚዬ ደግሞ አንጋፋው ቀዶ ሐኪማችን ነው፤ ገና እጁን ሳይታጠብ «ሁሉንም ክፈቱት» ይላል።

እኔ ይህን ጠባይ ከማን የወረስኩት ይመስልዎታል? ያለቀውን የጠመኔ ቁራጭ በዓይንዎ ሳያዩ ለመምህር አዲስ ጠመኔ ሰጥተው ያውቃሉ? መምህራኑ «ጋሼ ቁልፉ» ያሉዎት እኮ በከንቱ አይደለም።

እባክዎን ይግቡና ይታከሙ። ለእትዬ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።
ልጅዎ

ጥቅምት 18

ለባዕድ አገር ጭስ ማውጫ ስታለቅሽ ለከረምሽው ለወንድሜ ልጅ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን፤ ብሽሽቴም እንደምታውቂው ነው።

ምክርሽን ሁለቴ አነበብኩት። አነጋገርሽ ያማረ ነው፤ ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ። ነገር ግን ጠመኔና ብሽሽት አንድ አይደሉም። ጠመኔ ቢያልቅ መምህሩ በቃሉ ያስተምራል። እኔ ተቀድጄ በተኛሁበት አንድ ዕቃ ቢጎድል ሐኪሙ በቃሉ ይሰፋኛል?

አንቺን ላለማሳፈር ብዬ እንደገና ሄጄ ጠይቄዋለሁ። እንደ ሽጉጥ ሲጫኑት ቆዳ የሚሰፋ መሣሪያ አላችሁ ወይ አልኩት። ሹፌሩ ነው የነገረኝ። «አለ፣ ግን ለእርስዎ አያስፈልግም» አለኝ። በኤሌክትሪክ የሚቆርጠውስ? አያስፈልግም። ቱቦስ? አያስፈልግም። «አባባ፣ ሰው በዕቃ ብዛት አይድንም» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ልጄ፣ እኔም በሥራ ዘመኔ መጋዘኑ ባዶ ሲሆን የምለው ይህንኑ ነበር። የሌለው ሰው ምንጊዜም «አያስፈልግም» ነው የሚለው።

ስለዚህ ቱቦ በየዓይነቱ፣ ያን ሽጉጥ መሳዩን፣ የሚጣል ጋውንና ሌላም አንቺ የምታውቂውን ጨምረሽ ላኪ። የተረፈ እንደሆነ ለሚቀጥለው ሕመምተኛ ይሆናል፤ ጽድቁ የጋራችን ነው።

እትዬሽ ሰላም ትልሻለች። ሌላም ብዙ ትላለች፣ አልጻፍኩትም።
አጎትሽ

ኅዳር 9

ለጋሼ፤

ይህ ደብዳቤ በሰላም ያግኝዎት። እውነቱን ለመናገር ተናድጃለሁ፣ ስለዚህ ሰላምታው ያጠረው በጥጋብ አይደለም።

እትዬ ደውለውልኝ ነበር። ሲያስሉ ብሽሽትዎን በእጅዎ ደግፈው እንደሆነ፣ ጫማዎን እሳቸው እንደሚያስሩልዎት፣ ከአልጋ ሲነሱ ግድግዳ ይዘው እንደሆነ ነግረውኛል። ተቆጣች ብቻ እንዳይሉኝ፤ ከሥራ ወጥቼ አውቶቡስ ውስጥ ነው ያለቀስኩት። አባቴን በልጅነቴ ቀበርኩ። ከዚያ በኋላ ደብተሬን ያየ፣ ስታመም ያቀፈኝ እርስዎ ነዎት። በአንድ ክርና መርፌ በሚያልቅ ነገር እርስዎን ላጣ ነው?

ዕቃ አልልክም። ያልላክሁት ስስቼ አይደለም፣ የማያስፈልግዎት ስለሆነ ነው። ጠዋት ጠዋት እዚህ ለሰው «አትክፈቱ፣ አያስፈልግም» እያልኩ ማታ ለአጎቴ ካርቶን ሳሽግ ብገኝ ምን ይሉኛል? አንጋፋው ሐኪም ይህን ቢሰማ ዕድሜ ልኩን ይስቅብኛል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎትና በእውነት ይመልሱልኝ። ፈርተው ነው?

ልጅዎ

ኅዳር 27

ለወንድሜ ልጅ፤

እንደምን ሰነበትሽ። እኛ ደህና ነን።

ማን ነው የፈራው? በእኛ ዘር ፍርሃት የሚባል ነገር የለም። አያትሽ ጥርሱን ያለ ማደንዘዣ ነቅለውለት ቆሞ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው ነው። እኔ የጠየቅሁት ዕቃ ነው እንጂ ድፍረት አይደለም። ዕቃው ከመጣ በማግስቱ እገባለሁ፤ ካልመጣ አልገባም። እትዬሽም ስለ ጫማ ማሰሪያ ለሰው አገር ማውራቷን ትተው፤ ከዛሬ ጀምሮ ማሰሪያ የሌለው ጫማ ነው የማደርገው።

አጎትሽ

ታኅሣሥ 14

ለጋሼ፤

አሸነፉኝ። ውሃ ድንጋይን ይሸረሽራል ሲባል እሰማ ነበር፣ ድንጋይ ውሃን ሲያሸንፍ ግን ያየሁት በእርስዎ ነው።

አለቃዬን አስፈቀድኩ። መጋዘን ውስጥ ማሸጊያቸው ያልተነካ፣ ቀናቸው ያላለፈ፣ ደንቡ ከወጣ ወዲህ ፈላጊ ያጡ ዕቃዎች ነበሩ። «አንቺ ነሽ ይህን የምትጠይቂው?» ብላ መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። ለአጎቴ ነው አልኳት። የትምህርት ቤት ግምጃ ቤት ኃላፊ የነበሩ ናቸው ስላት እሷም የእንደዚህ ዓይነት ሰው ልጅ ሳትሆን አትቀርም፣ ፈረመችልኝ።

አሁን አደራዬን ይስሙ። ካርቶኑ ከባድ ነው፤ በተሸካሚ ያስይዙት እንጂ እርስዎ ብድግ እንዳያደርጉት። ሁለተኛ፣ እንደታሸገ ለሐኪሙ ያስረክቡ። ያስፈልጋል ካለ ይጠቀምበት፣ አያስፈልግም ካለ ለሚያስፈልገው ሌላ ሰው ያውለዋል። ሦስተኛ፣ ቃልዎን ይጠብቁ። በማግስቱ እገባለሁ ብለዋል።

በሰላም ያውጣዎት።
ልጅዎ

ጥር 20

ለጋሼ፤

ደህና ነዎት? ካርቶኑ እንደደረሰ የፖስታ ቤቱ ወረቀት ነግሮኛል። ከዚያ ወዲህ ግን ወሬ የለም። እትዬ ጋ ብደውል ስልኩ አይነሳም። ሥራ ላይ መቀስ ሲጠይቁኝ ክር እያቀበልኩ ነው። የፈለጉትን ተቆጥተው ይጻፉ፣ ብቻ ይጻፉ።

ልጅዎ

ጥር 29

ይድረስ በእኔ ምክንያት ክርና መቀስ ለተምታታባት ለወንድሜ ልጅ፤

አልሞትኩም። ይህን ከሰላምታው በፊት ያደረግሁት እትዬሽ ከአጠገቤ ቁማ «መጀመሪያ እሱን ጻፍ» ስላለችኝ ነው። ስልኩ ያልተነሳው እሷ ሆስፒታል ከእኔ ጋር ስለነበረች ነው፤ ስልኩ ደግሞ ቤት መደርደሪያ ላይ ነበር።

ካርቶኑ በሰላም ደረሰ። የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ ተሸካሚ ልጥራልዎ ቢለኝ እምቢ አልኩ። ንብረት ከተረካቢው እጅ አይወጣም። አቅፌው ታክሲ ውስጥ ገባሁ፣ ከታክሲ ወርጄም እስከ ደጃችን ያለችውን ዳገት አቅፌው ወጣሁ። ቤት ስደርስ ብሽሽቴ እሳት ሆኗል፤ ልቤ ግን ካርቶኑ ላይ ነበር።

እንደታሸገ ይሰጥ ማለትሽን አንብቤዋለሁ። ነገር ግን ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ውስጡን ሳላይ የተረከብኩት ሣጥን የለም። ላዩ ላይ ቱቦ ተብሎ ተጽፎ ውስጡ ሙዝ ቢሆንስ? ስለዚህ አልጋው ላይ ንጹሕ አንሶላ አነጠፍኩና እያንዳንዱን ከየማሸጊያው እያወጣሁ ደረደርኩት። ቱቦዎቹን በየርዝመታቸው፣ ጋውኖቹን በየመጠናቸው። ሽጉጥ መሳዩን ይሠራ እንደሆነ በእትዬሽ ትራስ ላይ ሞከርኩት፤ በደንብ ይሠራል። የጎደለ ነገር አልነበረም። እንዲህ የተሟላ ርክክብ በሥራ ዘመኔም አላየሁም።

ደስ ብሎኝ ከወለሉ ላይ የተቀዳደደውን ማሸጊያ ልለቅም ጎንበስ ስል ያቺ ነገር ወጣች። ወጥታም ቀረች። ብጫናት አልመለስ አለች፣ ብጋደም አልመለስ አለች። ከዚያ ያስመልሰኝ ጀመር። አንቺ የጻፍሽው ሁሉ ቃል በቃል ጆሮዬ ላይ ጮኸ።

እትዬሽ ሹፌሩን ጠራችው፤ ሹፌሩም በነጠላ ጫማ መኪናውን አስነሳ። እኔ እዚያ ሆኜም «ዕቃው፣ ዕቃው» እላለሁ። እትዬሽ ከንፈሯን ነክሳ ሁሉንም ልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ ዘረገፈችውና ጭኗ ላይ ይዛው መጣች። ሆስፒታል ስንደርስ ያ ጢሙ ያልሞላው ሐኪም ሳፋውን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ሳፋውን አየ።

«ይህን ማን ከፈተው?»

«እኔ ነኝ። ቆጥሬዋለሁ፣ ምንም አልጎደለም።»

«አባባ፣ በነዚህ ቱቦዎች ከእንግዲህ አትክልት ማጠጣት ብቻ ነው የሚቻለው።»

ወደ ውስጥ ወሰዱኝ። ከወገቤ በታች አደነዘዙኝ እንጂ አላስተኙኝም፤ ስለዚህ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ሐኪሙ የለበሰው ታጥቦ የተተኮሰ አረንጓዴ ጨርቅ ነው። ነርሷ ክሩን እንደታሸገ ይዛ ትቆማለች። «ክፈቺ» ካላላት አትከፍትም። አንድ ጊዜ ሌላዋ ነርስ ተጨማሪ ልትከፍት ስትል «አልጠየቀም» ብላ መለሰቻት። ሆዴ ተከፍቶ ተኝቼ፣ ንብረት ክፍል ማለት እንዲህ ነው ብዬ አደነቅኋት። ቢላዋ፣ መርፌ፣ ክር፣ መዳፍ የምታህል መረብ። የታነቀው አንጀት ደም መለሰ። ትንሽ ብዘገይ ኖሮ ተቆርጦ ይወጣ ነበር ብሎኛል፤ ያን ጊዜ የሚያስፈልገኝ ዕቃ ብዛቱ ሌላ ነበር።

በማግስቱ በራሴ እግር ሄጄ በራሴ ሸናሁ። ሹፌሩ ሊጠይቀኝ ሲመጣ መጀመሪያ ብርድ ልብሴን ገለጥ አድርጎ «ቱቦው የታለ?» አለኝ። «አላስፈለገኝም» አልኩት ኮራ ብዬ። ግራ ቀኙን አየና፣ የእሱ ቱቦ ከወጣ በኋላ ስንት ሳምንት ሽንቱ ሲያቃጥለው እንደከረመ በጆሮዬ ነገረኝ። ስቀናበት የኖርኩት ለዚህ ነው እንግዲህ።

ዕቃሽን አበላሽቼብሻለሁ፣ ይቅር በዪኝ። እትዬሽ ትራሷን እየፈታች ነው፤ ሽቦው አልወጣ ብሏት ስትሳደብ እሰማታለሁ።

አጎትሽ

የካቲት 16

ለውድ ጋሼ፤

እንኳን ለቤትዎ አበቃዎት። «አልሞትኩም» የምትለዋን ቃል ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት እኔ ነኝ የማውቀው። ለእትዬ ያቺን ቃል ስላስቀደሙልኝ ምስጋናዬን እግራቸውን ስመው ይንገሩልኝ።

መጀመሪያ አለቀስኩ፤ ካርቶኑን የላክሁት እኔ ነኝና። ትራሱ ጋ ስደርስ ግን ሳቅ አሸነፈኝ። በማግስቱ ሥራ ቦታ ታሪኩን ለሰው ሁሉ ስነግር አንጋፋው ሐኪማችን ከኋላዬ ቆሞ ይሰማ ኖሯል። እሱም ሳቀ፤ እንባውን እስኪጠርግ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና «ያንን ሳፋ እኔም አውቀዋለሁ። እኔ በየቀኑ ነው የምሞላው» አለ። የሚቀጥለው ሥራው ላይ ግን እጁን ታጥቦ ሲገባ ሁላችንም «ሁሉንም ክፈቱት» እስኪል ስንጠብቅ፣ «የሚያስፈልገኝን እጠይቃለሁ» ብሎ ጀመረ። ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀ።

ጭስ ማውጫው አሁንም ይጨሳል፤ አንድ ሐኪም ከጠባዩ ስለተመለሰ አያቆምም። ግን ከዚህ ክፍል የሚወጣው ላስቲክ ቀንሷል፣ ጽዳቶቹ ናቸው የነገሩኝ።

አሁንም አንድ ነገር አልገባኝም። እርስዎ ቁራጭ ጠመኔ የሚሰበስቡ ሰው ነዎት። የማያስፈልግ ነገር ከመደርደሪያ ሲወርድ ያመዎታል። ያን ሁሉ ወራት እነዚያን ዕቃዎች ምን ሊያደርጉልዎት ነው የጠየቁኝ? ባለፈው የጠየቅሁዎትንም በቀልድ ነው ያለፉት። እንደገና እጠይቃለሁ፣ አይቆጡኝ።

ልጅዎ

መጋቢት 8

ይድረስ ለልጄ፤

ዛሬ የወንድሜ ልጅ አልልሽም። እንደምን አለሽልኝ። እኛ በእውነት ደህና ነን፤ ብሽሽቴም ጭምር።

አዎ፣ ፈርቼ ነበር። እንደ ሕፃን ነው የፈራሁት። ያ ትልቁ መብራት ከላዬ ሲበራ ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር፤ ሐኪሙ ብርድ ነው ብሎ አለፈልኝ። ነርሷ ግን አየችኝ። ልታጠልቀው የያዘችውን ጓንት መልሳ አስቀመጠችና በባዶ እጇ እጄን ያዘችኝ። የእነዚያ ዕቃዎች ስም ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፋ። «የእኔም ልጅ እንደዚህ ነው የምትሠራው?» ብዬ ጠየቅኋት። አታውቅሽም፤ ግን «አዎ አባባ» አለችኝ። ጥርሴ ያን ጊዜ ዝም አለ።

ነይልኝ ብዬ መጻፍ ከበደኝ። ሥራዋን ጥላ ትመጣለች ብዬ ሰጋሁ፣ አትመጣም ብዬም ሰጋሁ። ካርቶን መጠየቅ ቀለለኝ። ካንቺ እጅ የወጣ ነገር አጠገቤ ካለ አንቺ ራስሽ የቆምሽ ይመስለኛል ብዬ ነበር። ሽማግሌ እንዲህ ያስባል፣ አትሳቂብኝ። ብትስቂም ግድ የለኝም።

ሐኪሙ በግራ በኩልም ትንሽ አለ ብሎኛል። አያስቸኩልም፣ ሰኔ ላይ ይሁን ተባብለናል። «እስከዚያ የሚላክልዎ ዕቃ ይኖር ይሆን?» ብሎ ቀለደብኝ። የምጠብቀው አለ፣ ግን ዕቃ አይደለም አልኩት።

እረፍትሽን አጠራቅመሽ ለሰኔ ነይ። ሻንጣሽን በዕቃ እንዳትሞዪው። ያን ጠዋት እጄን ይዘሽ እስከ በሩ ድረስ ሸኚኝ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን መርፌና ክሩ ይጨርሱታል።

አጎትሽ